የከፈሉት አባት፣ ያልተከፈለው ሐኪም

ባለፈው ክረምት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከእሑድ ጠዋት ጀምሮ ተረኛ ነበርኩ፤ በማዋለጃና በድንገተኛ ክፍል መካከል ስመላለስ ነጋ። ተረኝነት ያደረ ሐኪም ጠዋት ወደ ቤቱ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቷል። ጠዋት የሚሄደው ወደ ተመላላሽ ክፍል ነው። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ግቢው ድረስ ወጥቷል።

ከዚያ ወረፋ ውስጥ አንድ አባት ፊቴ ተቀመጡ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ከገጠር ቀበሌ በሌሊት ተነሥተው ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በባጃጅ መጥተዋል። የጤና መድን ደብተራቸውን ዝናብ እንዳያገኘው በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

ጠይቄ፣ መርምሬ፣ እግራቸውን አይቼ ለመጨረስ ሰባት ደቂቃ ገደማ ወሰደብኝ። ከዚያ መጻፍ ጀመርኩ። ካርዳቸው ላይ ጻፍኩ። የተመላላሽ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች መከታተያ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። የላብራቶሪ ማዘዣ ጻፍኩ። የመድኃኒት ማዘዣ በካርቦን ጻፍኩ። የመድን ቅጹ ላይ የደብተር ቁጥራቸውን፣ የቀበሌያቸውን ስም፣ የበሽታውን ኮድ ሞልቼ ፈረምኩ። ጽሑፉ ከምርመራው በላይ ጊዜ ወሰደ። እሳቸው ዝም ብለው እጄን ያያሉ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። ፋርማሲው ማዘዣው ላይ ከሦስቱ መድኃኒቶች በሁለቱ ትይዩ «የለም» ብሎ ጽፎበታል።

«ዶክተር ልጄ፣ እኔ እኮ ጥር ላይ ከፍያለሁ። ደረሰኙም ይኸው» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባባ። መድኃኒቱ አልቆ ነው። ከውጭ መግዛት ይኖርብዎታል።»

«ታዲያ የከፈልኩት የት ሄደ?»

መልስ አልነበረኝም። እኔም በዚያው ቀን የአራት ወር የዲዩቲ ክፍያዬን እየጠበቅሁ ነበር። እሳቸው ከፍለዋል፤ እኔ ሠርቻለሁ። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ተያየን።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያልመለስኩላቸውን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

አንድ በሽታ፣ ሁለት ምልክት

የሐኪም ችግር ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ደመወዝ ነው። ደመወዙ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ። ግን ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ወረቀት ነው። እስካሁን ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው፦ ወረቀቱን «የቢሮክራሲ ጣጣ»፣ ገንዘቡን ደግሞ «የኑሮ ውድነት» ብሎ። እኔ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ የደረስኩበት ግን ሁለቱ የአንድ በሽታ ምልክቶች መሆናቸውን ነው። ወረቀቱ የሐኪሙን ሰዓት ይበላል። ያ ወረቀት ሲጓደል ወይም ሲዘገይ ደግሞ የሆስፒታሉ ገንዘብ ይቀራል። ገንዘቡ ሲቀር መድኃኒቱ ያልቃል፤ ዲዩቲውም አይከፈልም። በመጨረሻ ዕዳው የሚያርፈው ፌስታል በያዙት አባት ላይ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም በአንድ ቀን የሚጽፈውን ልቁጠርላችሁ። ካርድ፣ መዝገብ፣ ማዘዣ፣ የጠዋት ሪፖርት፣ የሪፈር ወረቀት፣ የመውጫ ማጠቃለያ። በወር መጨረሻ ደግሞ መዝገቦቹ ተደምረው ወደ ዲኤችአይኤስ 2 የሚገቡ የሪፖርት ቁጥሮች አሉ። የቲቢ የራሱ መዝገብ አለው፤ የኤችአይቪ የራሱ፤ የእናቶች የራሱ። ለጋሽ ድርጅት ያለበት ፕሮግራም ከሆነ በላዩ ሌላ ቅጽ ይጨመራል። ያው ታካሚ፣ ያው ዕድሜ፣ ያው ቀበሌ ሦስትና አራት ቦታ ይጻፋል።

በዚህ ላይ የውጭው ወረቀት ይመጣል። ፖሊስ የተደበደበ ሰው ይዞ የጉዳት ማስረጃ ይጠይቃል። ፍርድ ቤት የተከሳሽ ዕድሜ ይመርመርልኝ ይላል። ከወራት በኋላ ደግሞ በፈረምክበት ማስረጃ ላይ ቀርበህ ቃልህን ስጥ ተብሎ መጥሪያ ይደርስሃል፤ በዚያ ቀን የሚጠብቁህን ታካሚዎች ማን እንደሚያይ ማንም አይጠይቅም። መሥሪያ ቤቱ የሕመም ፈቃድ አላምንም ብሎ በድጋሚ ማኅተም ይፈልጋል።

«ኮምፒውተር ይፈታዋል» ይባላል። ኮምፒውተር የገባባቸውን ሆስፒታሎች አውቃለሁ። በብዙዎቹ ወረቀቱ አልወጣም፤ ኮምፒውተሩ ወረቀቱ ላይ ተደረበ። መብራት ሲጠፋ ወረቀት ላይ ጽፈን መብራት ሲመጣ እንገለብጣለን። አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ዲጂታል ተባለ።

እንዳትሳሳቱ፤ መዝገብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የአንዲት ወላድ የምጥ መከታተያ ቅጽ በትክክል ስለተሞላ ብቻ እናትና ልጅ ሲተርፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ወረርሽኝ የሚታወቀው በሪፖርት ነው። ጥያቄዬ ማን ይጻፈው የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃዎች እንደሚያሳዩት አገራችን ለ10 ሺህ ሰው ያላት ገና አንድ ሐኪም ገደማ ነው። ያን አንድ ሰው ለማስተማር ስድስትና ሰባት ዓመት ፈጅተን፣ የቀኑን ሲሶ የቀበሌ ስም እንዲገለብጥ ማድረግ ምን ዓይነት ቁጠባ ነው?

ከዚያ ሰንሰለቱ

አሁን ወደ አባባ ጥያቄ እንምጣ። የከፈሉት የት ሄደ?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ዛሬ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አቅፏል። እኔ በዚህ ሥርዓት አምናለሁ። ከእሱ በፊት ገበሬው በሬውን ሸጦ ይታከም ነበር፤ በሬ የሌለው ደግሞ ቤቱ ተኝቶ ይሞት ነበር። ዛሬ ደብተር ይዞ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል። ሆስፒታሉ ታካሚውን ያለ ክፍያ ያስተናግዳል፤ ማለትም በዱቤ ያክማል። ከዚያ ሆስፒታሉ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሒሳብ አዘጋጅቶ ለመድኑ ያቀርባል። መድኑ ወረቀቱን መርምሮ ይከፍላል።

ችግሩ ያለው «ወረቀቱን መርምሮ» በሚለው ላይ ነው። ተረኝነት ያደረ ሐኪም ኮድ ይረሳል፤ ፊርማ ይዘላል፤ የደብተር ቁጥር ያሳስታል። ያ ሒሳብ ተቀናሽ ይሆናል ወይም ለማስተካከያ ይመለሳል። የተስተካከለውም ቢሆን በጊዜው አይከፈልም፤ የወረዳው ቋት ራሱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መዋጮው በአንድ ዋጋ ተሰብስቦ መድኃኒቱ በሌላ ዋጋ ይገዛል። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒትና የላብራቶሪ ኬሚካል ዋጋ የት እንደደረሰ ፋርማሲ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

ሆስፒታሉ በዱቤ ያከመበት ገንዘብ ካልተመለሰ መድኃኒት የሚገዛበት የለውም። ካልገዛ ማዘዣው ላይ «የለም» ይጻፋል። ታካሚው ከውጭ ይገዛል፤ ማለት ሁለት ጊዜ ከፈለ። ይህ ገንዘብ የሆስፒታሉ የውስጥ ገቢ ስለሆነ ደግሞ ዲዩቲውን፣ ጓንቱን፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ከውስጥ ገቢው በሚሸፍን ሆስፒታል ውስጥ የሐኪሙና የነርሷ የሌሊት ክፍያም አብሮ ይቆማል። ከመንግሥት በጀት በሚከፈልበት ቦታ ደግሞ «በጀት አልቋል» የሚለው መልስ ግንቦት ሳይደርስ ይጀምራል።

ስለዚህ አባባ፣ የከፈሉት አልጠፋም። ወይ ወረዳ ተቀምጧል፣ ወይ የእኔን ፊርማ እየጠበቀ ፋይል ውስጥ ተኝቷል፣ ወይ ለባለፈው ዓመት ዕዳ ተከፍሏል። ያን ጠዋት ይህን ባስረዳዎት ኖሮ ግን መድኃኒት አይሆንልዎትም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የሌላውን ሰው የመድን ቅጽ ቀኑን ሙሉ የሚፈርመው ሐኪም ራሱ መድን የለውም። የመንግሥት ሠራተኛውን የሚያቅፈው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። አፈጻጸሙ ግን ዓመት በዓመት ሲገፋ ኖረ።

የደመወዙ ሒሳብ

ስለ ደመወዝ ስንነጋገር ስሜት ውስጥ ከመግባት በቁጥር ብናየው ይሻላል።

መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞችን ደመወዝ አሻሽሏል፤ ያልተደረገ ለማስመሰል አልፈልግም። የገቢ ግብር አዋጁም ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። አሁን ለምሳሌ ያህል ወርኃዊ ደመወዙ 20 ሺህ ብር የሆነ ሐኪም እንውሰድ። በአዲሱ ሠንጠረዥ ግብሩ 4,950 ብር ነው። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ፣ 1,400 ብር ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 13,650 ብር ነው። በአሮጌው ሠንጠረዥ ቢሆን ግብሩ 5,500 ብር ይሆን ነበር። ማሻሻያው በወር 550 ብር ተረፈው ማለት ነው። 550 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ለናንተ እተዋለሁ።

በ13,650 ብር ቤት ይከራያል፤ ይበላል፤ ለእናት ይላካል። ለትምህርቱ የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት። ሙያ ፈቃዱን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከኪሱ። ቤተሰቡ ደግሞ «ዶክተር» ብሎ ስለሚጠራው ለሠርግም ለለቅሶም የሚጠበቅበት የዶክተር ነው።

ታዲያ እንዴት ይኖራል? ማታ የግል ክሊኒክ ይሠራል። ቅዳሜና እሑድ ሌላ ከተማ ሄዶ ይሠራል። ሠላሳ ስድስት ሰዓት ያልተኛ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ክሊኒክ ይገባል። ሰኞ ፊታችሁ ሲቀመጥ የምታዩት ይህን ሰው ነው። ፊቱ የጠቆረባችሁ፣ ጥያቄያችሁን ሳይጨርስ መጻፍ የጀመረው እሱ ነው። ትክክል ነው አላልኩም። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ነው የምነግራችሁ።

ሐኪም አነሰ፣ ሐኪም ተረፈ

የዚህ አገር ትልቁ እንቆቅልሽ ይህ ነው። ለ10 ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ባለበት አገር ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች አሉ። ከአሥር ዓመት በላይ የሕክምና ኮሌጆችን አበዛን፤ ቅበላውን አሳደግን፤ ጥሩ ነው። የምንቀጥርበትን በጀት ግን በዚያው ልክ አላሳደግንም። ስለዚህ አንዱ ሐኪም በሥራ ብዛት ይወድቃል፤ ጓደኛው ደግሞ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ይውላል። ሁለቱም ማታ ስልካቸውን ከፍተው የውጭ ፈተና ያጠናሉ። ጎበዙ ቀድሞ ይሄዳል።

ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሺዎች ከሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ነበር፤ በዚያው ሰሞን ኢንተርኖችና ሐኪሞች ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ሰልፍ ወጡ። በግንቦት 2017 ደግሞ ባለሙያዎች 12 ጥያቄዎችን አቅርበው ሥራ እስከማቆም ደረሱ። መንግሥት ሕገወጥ ነው አለ፤ የታሰሩም ነበሩ። በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት አለ። ጥያቄዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና አንብቧቸው፤ ቀኑ ባይጻፍባቸው የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ይከብዳችኋል።

«ግን እኮ» ለምትሉኝ

ሦስት መልሶችን ሁልጊዜ እሰማለሁ።

አንደኛው «ሐኪም ቃለ መሐላ ፈጽሟል» የሚለው ነው። አዎ። የማልነው ግን ታካሚውን ላለመጉዳት ነው። ያልተኛ ሐኪም ታካሚ ይጎዳል። ለቃሉ የሚቆረቆር ሰው መጀመሪያ ለሐኪሙ እንቅልፍ ይቆርቆር። ሥራ ማቆሙንም በተመለከተ፣ ታካሚ እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ያጣነው በዚህ ነው። በየቀኑ «የለም» የሚል ማዘዣ የሚይዘው ታካሚም ግን እየተጎዳ ነው፤ እሱን ማንም ሕገወጥ አላለውም።

ሁለተኛው «መምህሩስ? ፖሊሱስ? ሁሉም ተቸግሯል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሁሉም ተቸግሯል። ከመምህሩ ቀድማችሁ ለእኔ ስጡ አላልኩም። የሠራሁበትን የሌሊት ክፍያ በወሩ ክፈሉኝ ነው ያልኩት። ይህ ጭማሪ አይደለም፤ ዕዳ ነው።

ሦስተኛው «ውጭ አገርም ሐኪም በወረቀት ይማረራል» የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። አሜሪካ ያሉ የክፍል ጓደኞቼ ለአንድ ምርመራ የኢንሹራንስ ፈቃድ ለማግኘት ስልክ ላይ ስለሚያጠፉት ሰዓት ያማርራሉ። ልዩነቱ እዚያ አንዳንዱ ሐኪም አጠገቡ የሚጽፍለት ሰው ይቀጠርለታል። በደመወዙም ቤት ይከራያል። እኛ የእነሱን ወረቀት ወስደን ጸሐፊውን እዚያው ትተነው መጣን።

ምን ይደረግ?

ደመወዝ ማሳደግ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ በአንድ ሌሊት አይሆንም። ብዙ ገንዘብ የማይፈልጉ ግን ዛሬ ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

አንድ፦ አዲስ ቅጽ የሚያመጣ መሥሪያ ቤት ወይም ፕሮግራም የትኛውን አሮጌ ቅጽ እንደሚያስቀር አብሮ ይናገር። የማያስቀር ከሆነ አይግባ።

ሁለት፦ ሐኪሙ የሚጽፈው ምርመራውን፣ ውሳኔውንና ፊርማውን ብቻ ይሁን። የደብተር ቁጥሩን፣ ቀበሌውን፣ ኮዱን ለዚሁ የሠለጠነ የመረጃ ባለሙያ ይሙላ። የአንድ የመረጃ ባለሙያ ደመወዝ በፊርማ ጉድለት ከሚቀረው ሒሳብ ይወጣል ብዬ አምናለሁ፤ የሚጠራጠር ሆስፒታል ለአንድ ሩብ ዓመት ይሞክረው።

ሦስት፦ የመድን ክፍያ የጊዜ ገደብ ይከበር። የትኛው ወረዳ ለየትኛው ሆስፒታል ስንት ዕዳ እንዳለበት በየሩብ ዓመቱ በሆስፒታሉ በር ላይ ይለጠፍ። አባባ ገንዘባቸው የት እንዳለ ከእኔ ሳይሆን ከሰሌዳው ያንብቡ፤ ማንበብ ካልቻሉም ልጃቸው ያንብብላቸው።

አራት፦ ዲዩቲ ከደመወዝ ጋር በአንድ ፔሮል ይከፈል። የተለየ ሰነድ፣ የተለየ ፊርማ፣ የተለየ ወር እስካለው ድረስ በጀት ባጠረ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

አምስት፦ የፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይ ቋሚ ቀንና ተመዳቢ ሐኪም ይኑረው። ከተመላላሽ ወረፋ መካከል ሐኪም ማንሣት ይቁም።

እነዚህ አምስቱ ሐኪሙን ሀብታም አያደርጉትም። ሐኪም ግን ያደርጉታል።

መጨረሻው

እኒያ አባት በክረምቱ ከውጭ ፋርማሲ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ገዙ፤ ብራቸው የበቃው ለዚያ ነበር። ከዚያ በኋላ አልመጡም። በየካቲት ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ጠቁሯል። ስኳሩ ለወራት ያለ መድኃኒት ቆይቷል። ጣቱን ማዳን አልቻልንም።

ዋርድ ውስጥ ካርዳቸውን ስጽፍ ልጃቸው የመድን ደብተሩን አውጥቶ ሰጠኝ። ያው ፌስታል ነው። ከፍቼ አየሁት፦ በጥር ታድሷል።

ዘንድሮም ከፍለዋል።